ሽፋን የሌለው ካሴት

ጉም ከጦሳ ወርዶ፣ ቧንቧ ውሃን ሲያለብስ፣
ከይመር ቪዲዮ ቤት፣ ሰው በሰው ላይ ሲፈስ፣
መስታወቱ ላይ ያ ምስል ተለጥፎ፣
መኪናው ይበራል፣ ገደሉን ዘሎ አልፎ፤
«ያላየ አልተወለደም!» ይላል ቀዩ ጽሑፍ፤
ሰልፉ ተጠማዞ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ።

ይመር ደብተር ገዝቶ፣ ተራ ይመዘግባል፤
«ያንተ ሐሙስ ማታ፣ ያንቺ እሁድ ይደርሳል፤
ቀን ያሳለፈ ሰው፣ ሽልንግ ይቀጣል።»

እኔ ጎሚስታ ነኝ።
የአሰብ ተሳቢ ጎማ፣ ስፈታ ስለጥፍ የምውል፤
የሚበር መኪና ሳይ፣ የሚታየኝ ሌላ ነው፦
ሲያርፍ የሚፈነዳው፣ የፊት ግራ ጎማው፣
ደግሞስ ክሪክ ይዞ፣ የሚደርስለት ማነው?

ስለዚህ ጎንበስ አልኩ።
ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከአቧራው መሃል፣
ሽፋን አልባ ካሴት፣ ጥግ ላይ ተወሽቋል።
ስሙ በእስክሪብቶ፣ ተጽፎ ደብዝዟል፤
የተረፈው ፊደል «ሰዓት» ይመስላል፤
«ሰማዕት»ም ሊሆን ይችላል።

«እሱን ተወው» አለኝ፣ ከደብተሩ ቀና ሳይል፣
«ከአንድ የባቲ ነጋዴ፣ በዕዳ የመጣ ነው፤ ማን ይወስደዋል?»
ሙሄም ከሰልፉ ላይ፣ አንገቱን አስግጎ፣
«አገር ያለውን ትቶ፣ አቧራ ፈልጎ!»
ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩኝ፤
ሁለት ብር ከፈልኩኝ።

ዴክ ያላት ጦይባ ናት፤ ፖስታ ቤት ነው የምትውል፤
«ከደበረኝ አጠፋለሁ» አለች፣ ገና እግሬ በሩን ሳይዘል።

አንድ ሽማግሌ ነው።
ቋንቋው የማይገባን፣ አገሩ በረዶ፣
የግድግዳ ሰዓት፣ በገመድ ጀርባው ላይ ጠምዶ፣
ሊያሠራ ይሄዳል። ቤት ሲያገኝ ይቆማል።
«ስንት ሰዓት ሆነ?» ይሉታል መሰለኝ፤
አውርዶ ያሳያል፤
ሰዓቱ ቆሟላ፣ ለሁሉም ዐሥር ነው።
እነሱም ያምኑታል። ራት ያቀርቡለታል።
ይኸው ነው። ጥይት የለ፣ የሚያሳድድ የለ፤
በረዶው ላይ ኮቴ፣ ኮቴው ላይ በረዶ።
ጦይባ አላጠፋችም።
ሪሞቱ እጇ ላይ፣ ሳትጫነው ሞቀ።

ወደ ማብቂያው ገደማ፣ ከወንዙ ዳር ቆሞ፣
ይሸከመው እንደሁ፣ በረዶውን በዱላው ጠቁሞ፣
አንድ እግሩን አነሣና…
ክሩ ተበጠሰ።
የቀረውን ክር፣ ማን እንደበላው እንጃ!

«ተሻግሯል» ትላለች፤ «ተመልሷል» እላለሁ፤
ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት፣ ስከራከር አለሁ፤
ተጋብተን፣ ሦስት ወልደን፣
ገና አልተስማማንም።

ምርጫዬ ሁልጊዜ፣ ሰመረ አልልም።
ከዚያው መደርደሪያ፣ ሁለተኛ ያነሣሁት፣
የከሚሴ ሰው ሠርግ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤
ሙሽራውን ሳናውቅ፣ ሚዜውን ሳናውቅ፣
እስከ መልሱ ድረስ፣ ቁጭ ብለን ስንስቅ።

ያን የሚበር መኪናም፣ ኋላ አየሁት ሳልሰለፍ፤
አውቶቡስ ላይ ከፍተውት፣ ሸዋ ሮቢትን ስናልፍ።
ልጁ ድልድዩ ላይ፣ ወንድሙን ሲጠራ፣
ወደ መስኮት ዞሬ፣ ዓይኔን ጠረግኩኝ አደራ፣
ይህን ለሙሄ እንዳትነግሩብኝ።
ጭብጨባው ለካስ፣ ውሸት አልነበረም፤
ግን ሌሊት ቀስቅሶ፣
ከጦይባ ጋር አላጣላኝም።

የይመር ቪዲዮ ቤት፣ ዛሬ መድኃኒት ቤት ነው።
ሙጋድ ላይ ስንገናኝ፣ መነጽሩን ገፍቶ፣
ያን የጥንት ደብተር፣ በሆዱ ገላልጦ አይቶ፣
«ካሴቴስ?» ይለኛል፣ «ሽልንጉ ቢጠራቀም፣
ፎቅ በሠራሁበት!»
እኔም እንደ ወትሮው፦
«ገና ነው፣ ይመር።
አልጨረስኩትም።»